የአባወራው ድርሻ

ባንታምላክ በዕድሜው ምድጃ እፍ ብሎ አያውቅም። ገዳሪፍ ከተማ ስለ ምግብ አበሳሰል የአንድ ቀን ስልጠና ተቀምጦ፣ የነጻ ምሳውን በልቶ፣ የነጻ ቲሸርቱን ለብሶ ከተመለሰ ወዲህ ግን ሚስቱን ተናኘወርቅን መድረሻ አሳጣት።

በማግስቱ ከሰሊጥ አረም አብረው ሲገቡ እሷ እሳት አነደደች፤ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያስተምር ጀመር። ቅጠሉን ሳትከትፊ እጠቢው፣ ድስቱን ክደኚው፣ ብዙ አታብስይው ይላል። እሷም ሪጅላ የሚሉትን ለምለም ቅጠል ቀቀለች። ውሃውን ልትደፋ ስትል ግን ጮኸባት።

«ሴትዮ፣ ጥቅሙ እኮ ያለው ውሃው ውስጥ ነው። ቅጠሉማ አሁን ገለባ ነው።»

«እንዲያ ነው?» አለች።

በዚያ ቤት ምርጡ ምንጊዜም የባንታምላክ ነው፤ ዶሮ ከታረደም ፈረሰኛውን የሚነካበት የለም። ተናኘወርቅም ደንቡን አላጓደለችም። አረንጓዴውን ውሃ በትልቅ ኩባያ ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበችለት። ቅጠሉን በሽንኩርትና በዘይት አቁላልታ ከልጆቿ ጋር ኪስራ በሚሉት ስስ የማሽላ እንጀራ ትጠቀልል ጀመር።

«የኔስ ወጥ?» አለ ባንታምላክ ኩባያውን እንደያዘ።

«ኧረ ነውር ነው፤ ገለባ ለአባወራ አይቀርብም» አለችና ጎረሰች።