የኢናር ጠመንጃ

ሽማግሌው አርቪድ ሃውገን የሟች ወንድማቸውን የኢናርን የጦር ሜዳ ጠመንጃ ለምራታቸው ለሎርና ሲሰጧት፣ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሎርና በሞንታና ገጠር የታወቀች ጠመንጃ ሠሪ ናት። ሰደፉ በስብሷል፣ አፈሙዙ ተበልቷል። ደህና የሚመስለው ወገቡ፣ ማለትም አፈሙዙ የሚታሰርበትና ጥይቱ የሚቆለፍበት ብረት ብቻ ነው። በእሱ ላይ ለልጅ ልጃቸው፣ ለሎርና ልጅ ለሲግኔ የአደን ጠመንጃ እንዲሠራላት ፈለጉ።

ሎርና አፈሙዙን ፈታች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ ብረቱን በመብራት አገላበጠች።

«አባባ፣ በቁጥሩ ይሄ ከድሮዎቹ ነው። ያኔ ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኞቹ የብረቱን ግለት በዓይን ነበር የሚገምቱት። ፀሐይ ሲደምቅ ዓይናቸው እየተታለለ ብዙውን አቃጥለውታል። የተቃጠለው እንደ ሸክላ ይፈረካከሳል። ይሄኛው ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«ኢናር ዕድሜ ልኩን አጋዘን ጥሎበታል!»

«ትናንት ደህና ነበር ያልተባለለት ሬሳ የለም።»

«እንግዲያው በመዶሻ ፈትኚው!»

መዶሻውን ሰጠቻቸው። አርቪድ ጥርሳቸውን ነክሰው መቱት። ብረቱ ጮኸ እንጂ አልተሰበረም።

«አየሽ!»

«መዶሻ የቻለ ባሩድ ላይችል ይችላል። ሲግኔ ፊቷን የምታስጠጋው እዚህ ጋ ነው። አልሠራውም።»

«ፈሪ!» አሏትና ብረቱን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ።

ሌላ ከተማ ያለ ሰው ሠራላቸው። ራሳቸው ተኮሱበት፤ ምንም አልሆነም። እሁድ ምሳ ሲቀርብ ግን ከሎርና ጋር ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር።

በመከር ሲግኔ የመጀመሪያ የአደን ፈቃዷን አገኘች። እናቷ ያስያዘቻትን ጠመንጃ አርቪድ መኪናው ውስጥ አስቀሩና ደብቀው ያመጡትን የኢናርን ሰጧት። ሸንተረሩ ላይ ጥድ ተከልለው በደረታቸው ተኙ። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ወጥቶ ቆመ። ልጅቱ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አሳረፈች፣ ትንፋሿን ያዘች።

የአርቪድ እጅ ሳያስቡት ሄዶ ብረቱን ሸፈነ።

«ተዪው።»

«ምነው አያቴ? ቆሞልኝ እኮ ነው!»

«ተዪው አልኩሽ!»

አጋዘኑ ደንግጦ ጫካው ውስጥ ገባ። ሲግኔ አኩርፋ ስታለቅስ ሽማግሌው ጥይቱን አውጥተው ጠመንጃውን ራሳቸው ተሸከሙት።

በማግስቱ ሎርና ቤት ሄደው ጠመንጃውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። ምን ሊያደርጉ እንደነበር አልደበቋትም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን አልጮኸችባቸውም።

«ቁረጪው» አሏት።

«ተቆርጦ ቢሰበር ከውስጥ ያስታውቃል። ጤነኛ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይፈልጋሉ?»

አርቪድ ጠመንጃውን ወደ እሷ ገፉት። «ጤነኛ ከሆነ ኢናርን በከንቱ የገደልኩት ይመስለኛል። ካልሆነ ደግሞ ልጅቷን...» አልጨረሱትም። «አትንገሪኝ።»

ሎርና መጋዙን አነሳች። ብረቱን በአንድ በኩል እሳቸው ያዙላት።