ለማኅበሩ ያልተነገረ ደስታ

የሺሃረግ ምስጢር መያዝ ታውቅበታለች። ማወቅ ብቻ! ዲቪ የደረሳት ጊዜ ፎርሙን ሞልታ፣ ሜዲካሉን ጨርሳ፣ ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ለገዛ እህቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ጎረቤቶቿን "ለሥራ ናዝሬት ልሄድ ነው" ብላ ነው ሻንጣዋን ታክሲ ላይ ያስጫነችው። ናዝሬት ናት የተባለችው ሴትዮ በሳምንቱ ከዳላስ ደውላ "ደህና ገብቻለሁ" ስትል ሰፈሩ ጉድ አለ። እሷ ቅንጣት አልተጸጸተችም። ነገር የሚወራው ካለቀ በኋላ ነው ባይ ናት፤ ከዚያ በፊት የሰው ዓይን አለ፣ የሰው አፍ አለ፣ ስንቱ መልካም ነገር በር ላይ ደርሶ የቀረው በወሬ ነው። ይህን እምነቷን አሜሪካ አላላላውም። እንዲያውም አጠበቀው፤ እዚህ ደግሞ ፌስቡክ አለ።

ታዲያ በየካቲት አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ እንዳለች፣ አንድ ልጇ ዕፀ ሕይወት ስልኳን ይዛ ከደረጃው እየሮጠች ወረደች።

"እማዬ! ካልቴክ ገባሁ! ለፒኤችዲ! ሙሉ ፈንዲንግ ሰጡኝ!"

የሺሃረግ ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ተርሚናል ዲ ላይ ዊልቸር ስትገፋ ውላ እግሯ አባብጧል። ግን ማን እግር አስታወሰ! ብድግ ብላ ልጅቷን አቀፈቻት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ እጇን እያገላበጠች ሳመቻት። "እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ! እመቤቴ ምን ብዬ ላመስግንሽ!" አለች። ከዚያ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ሄዳ መጋረጃውን ዘጋችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ይሰማል!"

"ማን ነው የሚሰማው? ጎረቤታችን እኮ ሜክሲካን ነው፣ እማዬ።"

"እሱስ ዓይን የለውም? ስሚኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ። ለጓደኛሽም፣ ለአክስትሽም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ኢንስታግራም ላይም። ማሪያምን በይ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ ማለችላት። በሁለተኛው ሳምንት ስታንፎርድ መጣ። ኤምአይቲ ተከተለ። በመጨረሻ እዚሁ ቴክሳስ ያለው፣ ኦስቲን። እናትየው በእያንዳንዱ ታለቅሳለች፣ ትስማለች፣ መጋረጃ ትዘጋለች። ካልቴክ ከካሊፎርኒያ ስሙ የተጻፈበት ሹራብ በፖስታ ሲልክ ልጅቷ ለብሳው ወደ ዎልማርት ልትወጣ ብትል፣ የሺሃረግ በር ላይ ያዘቻትና አስወልቃ ገልብጣ አለበሰቻት። ስፌቱና ክሩ ወደ ውጭ ወጥቶ ልጅቷ ጎመን ስትገዛ ዋለች።

ባሏ ታዲዮስ ግን ሊፈነዳ ደርሷል። ዳላስ ዳርቻ ፍሪስኮ ካሉት ቢሮዎች ሰው ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። የሚስቱን ትእዛዝ አልጣሰም፤ ለአንድም ሐበሻ አልተነፈሰም። ለፈረንጅ ሲሆን ግን አይቆጠርም ብሎ ለራሱ ፈረደ። ከኋላው የተቀመጠ ሁሉ፣ ወዶም ሳይወድም፣ የዕፀ ሕይወትን የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ሰምቶ ነው የሚወርደው። ሐበሻ ተሳፋሪ የገባለት ቀን ደግሞ ከንፈሩን ነክሶ ሬዲዮ ይከፍታል።

እንግዲህ ዝም ያሉት ነገር ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሰው በራሱ ይሞላዋል። ዕፀ ሕይወት ዲግሪዋን በታኅሣሥ፣ ከእኩዮቿ በፊት ጨርሳለች። ከዚያ ወዲህ ቤት ነች። ቤተ ክርስቲያን የሚያያት ሁሉ "ምን እየሠራች ነው?" ይላል፣ የሺሃረግ "እያረፈች ነው" ትላለች። ዳላስ ውስጥ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ "እያረፈች ነው" ከተባለች ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም። አንዷ ትምህርቷን አቋርጣለች አለች። ሌላዋ ዲፕረስድ ሆናለች አለች። አንዷማ በዎልማርት በኩል ሳልፍ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ፣ ዓይኗ ፈዞ ብቻዋን ስትሄድ አይቻት አንጀቴ ተላወሰ ብላ ማኅበሩን በሙሉ አስለቀሰች።

የሺሃረግ ይህ ሁሉ ሲደርሳት በሆዷ ሳቀች። ይበሉ! እንዲህ ካሉማ ማን ይቀናባታል? የባሰም ይበሉ! እንዲህ እያለች ሰነበተች። ልጅቷ የምታስበውን ግን አልጠየቀቻትም፤ ስህተቷ እዚህ ላይ ነበር።

ኤፕሪል ገባ። ዕፀ ሕይወት የቱን እንደምትመርጥ የምታሳውቅበት ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት ላፕቶፗን ዘግታ ለእናቷ ነገረቻት።

"ሶ፣ ወስኛለሁ። ኦስቲን ነው የምሄደው።"

የሺሃረግ ለማኅበሩ የምትቆርሰውን ዳቦ እየጠቀለለች ነበር። ተራው የእሷ ነው፤ የእመቤታችን ማኅበር ዛሬ እሷ ቤት ነው። እጇ ዳቦው ላይ ቀረ። "ካልቴክስ? የምትወጃቸው ፕሮፌሰር ያሉበት? ያን ቤተ ሙከራ ካላየሁ አልሞትም ያልሽው?"

"ኦስቲን ቅርብ ነው። እንድሄድ አልፈለግሽም አይደል?"

"እኔ? መቼ አልኩ?"

"ምንም አላልሽም እኮ፣ እማዬ። ማለቴ፣ ለማንም ምንም አላልሽም።" ልጅቷ ላፕቶፗን ገፋ አደረገችው። "ጓደኛዬ ሳሮን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስትገባ እናቷ ኬክ ቆረጠች፣ አዳራሽ ያዘች፣ ቄሱም ባረኳት። የኔን ግን ሹራቤን ገለበጥሽው። እኔ እንደሚያሳፍር ነገር ነው የተሰማኝ።"

"አፈር ልብላ! እኔ በአንቺ ላፍር? ስትሄጂ እኮ እንናገራለን። ገብተሽ፣ ተረጋግተሽ፣ እ... ስትጨርሺ።"

"ስጨርስ? አምስት ዓመት ነው፣ ስድስትም ይሆናል!"

"ታዲያ እሱ ይሻላል" አለች የሺሃረግ፤ አፏ ላይ የመጣላት ይኸው ነው። ልጅቷ "ኦኬ" ብላ ወደ ክፍሏ ወጣች። የሺሃረግ ዳቦውን ትታ ልከተላት ስትል በሩ ተንኳኳ፤ ማኅበርተኞቹ መጡ።

ከፊት እትዬ እማዋይሽ ናቸው። በዕድሜም በአንደበትም የማኅበሩ አውራ፣ ሲቆጡ የሚያስደነግጡ፣ ሲያዝኑ ግን የማንንም ቤት የሚደርሱ ሴት ናቸው። ዳቦው ተባረከ፣ ተቆረሰ፣ የጾሙ ወጥ ቀረበ፣ ተበላ። ሴቶቹ ግን ዛሬ ጨዋታቸው ቀዝቅዟል፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። በኋላ እትዬ እማዋይሽ ተነሡና ከቦርሳቸው በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ጸበል አወጡ።

"የሺ፣ አትቀየሚን። ልጅቷን ጥሪያት። እኛ እያለን ብቻሽን አትቸገሪም።"

"እትዬ፣ ምን ሆነች ብለው ነው?"

"እሱን እመቤቴ ታውቃለች። ዕፁ! ነይ እማማ፣ ነይ ውረጂ!"

ዕፀ ሕይወት ወረደች። ግራ ገብቷት መሀል ሳሎን ቆመች። እትዬ እማዋይሽ አቡነ ዘበሰማያት እያሉ በእፍኛቸው ቀድተው ፊቷ ላይ ረጩባት፤ ደገሙ፣ ሠለሱ። ከጉንጯ ላይ ሲወርድ በነጠላቸው ጫፍ አበሱላት።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። በወጣትነት ስንቱ ይሰናከላል! ሥራውንም ቢሆን አታስቢ፤ ዌርሃውስ ሱፐርቫይዘሩን አናግሬልሻለሁ። ዕቃ የሚላክበትን ሣጥን መለጠፍ ነው፣ አይከብድም። ቀስ ብለሽ ደግሞ ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ።"

ሴቶቹ "አሜን" አሉ። ጥግ የተቀመጠችው የትምወርቅ ሆዷን ይዛ እንባዋን ጠረገች።

አራት ዩኒቨርሲቲ የፈለጋት ልጅ፣ ራሷ ረጥቦ፣ "አመሰግናለሁ፣ እማማ" ብቻ አለች። ለእናቷ ምላለች፤ መሐላዋን እየጠበቀች ነው። ቀና ብላ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ መለሰች።

የሺሃረግ ያን ስታይ ውስጧ ተቃጠለ። ይኼን የመሰለ ልብ! እንዲህ እየተዋረደች የእናቷን ምስጢር የምትጠብቅ ልጅ! የሰው ዓይን እንዳያገኛት ብላ ስትሸፍናት፣ ልጅቷ የእናቷን ዓይን ብቻ ስትፈልግ ከርማለች ለካ። ፍርሃቷ ሳይለቃት ተነሣች።

"እትዬ፣ ጸበሉን ያስቀምጡት። ልጄ አልታመመችም።"

"የሺ፣ መደበቁ እኮ ነው የሚጎዳው..."

"አዎ፣ ደብቄያለሁ! የደበቅሁት ግን ሌላ ነው። ልጄ ካልቴክ ገብታለች! ስታንፎርድም ተቀብሏታል! ኤምአይቲም! ኦስቲንም! የዶክትሬቷን ትምህርት ሙሉውን እየከፈሉ ሊያስተምሯት ይለምኗታል! የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የምታጠናው። አዲስ አበባ ስትነቃነቅ፣ ዘመዶቻችሁ ሌሊት ውጭ ሲያድሩ፣ መሬቱ ለምን እንዲያ እንደሚሆን ፈልጋ የምታገኝ ልጅ ናት! ሣጥን ለጣፊ አይደለችም! እዩአት! በደንብ እዩአት!"

 ታዲዮስ ከጓዳ ሳህን እንደያዘ ብቅ ብሎ "ተመስገን! ተገላገልኩ!" ብሎ ጮኸ። ያኔ እልልታው ተለቀቀ። ሴቶቹ ልጅቷን ከበው አንዷ ስትስማት አንዷ ትጎትታታለች፤ የተረጨባት ጸበል በሴቶቹ ነጠላ ደረቀ።

እትዬ እማዋይሽ ብቻ ቁጭ ብለው ቀሩ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"እኔን? እኔን፣ የሺ? ለልጅሽ ስለት ስሳል የከረምኩትን? አንቺ ባዕድ አደረግሽኝ ማለት ነው?"

"ዓይን ፈርቼ ነው፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

አሮጊቷ ሊቆጡ ብለው ተዉት።  ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ፣ "ልጄ ኤልሮኢ ሂዩስተን አክስቱ ጋ ሥራ ፍለጋ ነው ያልኳችሁ..." አሉ።

"እህ?" አለች የሺሃረግ።

"ሜዲካል ስኩል ነው፤ ዶክተር ሊሆን። ከገባ ዓመት ሊሆነው ነው።"

"እትዬ!" ብለው ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ ሳቁ ሳይበርድ የትምወርቅ ከጥግ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "እኔም አርግዣለሁ፤ ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው" አለች። ስምንት ዓመት ልጅ እንዲሰጣት የተለመነላት ሴት ናት! እልልታው አሁን ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሰባት ሴቶች በየወሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዳቸው ለሌላቸው እየጸለዩ፣ ጸሎታቸው መሰማቱን ሲደባበቁ ነው የኖሩት!

ጩኸቱ ጋብ ሲል ዕፀ ሕይወት እናቷ አጠገብ መጥታ ቆመች።

"እማዬ፣ ሶ... ደስ ብሎሽ ነበር ማለት ነው?"

የሺሃረግ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። "ደስ ባይለኝማ ምን ያስፈራኝ ነበር? ኮርቼብሽ መቻል አቅቶኝ እኮ ነው! ሳስቼልሽ ነው፣ ልጄ! አሁን በይ፣ የምትወጂው ጋ ሂጂ። ይራቅ።"

"ካልቴክ?"

"ካልቴክ! ደግሞ እዚሁ፣ ሁሉም እያየ።"

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው፣ እትዬ እማዋይሽ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ የሺሃረግ ትከሻዋን ይዛ፣ ሁሉም እያዩአት "እቀበላለሁ" የሚለውን ቁልፍ ልጅቷ ተጫነችው።