ለኔድ የተመረጠችው ቃል

ዊኒ ሮብሰን ባሏ ኔድ በሞተ በዓመቱ ገደማ፣ በመቃብር ድንጋዩ ላይ ከስሙ ሥር «ካኒ ሰው» ተብሎ እንዲቀረጽ ወሰነች። በሰሜን እንግሊዝ ታይን ወንዝ ዳር ለተወለደ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። እዚያ ሸጋ ሰው ካኒ ነው፣ ሸጋ ሾርባ ካኒ ነው፣ ዝናብ የረሳው ቀን ሳይቀር ካኒ ነው።

ችግሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚተከል ድንጋይ ላይ የሚጻፈውን ቄሷ ማጽደቅ አለባት። ቄስ ሄለን ደግሞ ከደቡብ የመጣች ወጣት ነች።

«ወይዘሮ ሮብሰን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄን አላጸድቅም» አለቻት። «ሟቹን በድንጋይ ላይ እንስደባቸው?»

«ማን ሰደበው?»

«እኛ ዘንድ ካኒ ማለት ብልጣ ብልጥ፣ ቋጣሪ፣ ሰው ሳያውቅበት የሚሸውድ ማለት አይደል?»

ዊኒ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ የመጣሽ ሰሞን ‹ካኒ ቄስ አገኘን› እያልኩ በየቤቱ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ቄሷ ፊቷ እየቀላ። «እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

ዊኒ ክርክር አልፈለገችም። ልጅቷን ክንዷን ይዛ ወደ ሠራተኞች ክበብ ወሰደቻትና ኩዝበርት ፊት አስቀመጠቻት። ኩዝበርት የኔድ የልብ ጓደኛ ነበር፤ የባሮ ሽንኩርት ተፎካካሪውም ነበር። ክበቡ በየመኸሩ ማን ወፍራም ባሮ ሽንኩርት እንዳበቀለ ያወዳድራል፤ ላሸነፈ የቤት ዕቃ ይሸልማል። በዚህ ነገር ወንድማማቾች ተኮራርፈው ኖረዋል።

«ኔድ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ንገራት» አለች ዊኒ።

«ካኒ።»

«የትኛው ካኒ?» አለች ቄሷ።

ኩዝበርት ከቢራው ተጎነጨና ትንሽ አሰበ። «ሁለቱም።»

ዊኒ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«ጉንፋን የጣለኝን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ውድድሩ ሊደርስ ሲል። ኔድ በየቀኑ ሾርባ ያመጣልኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ካኒ ሾርባ ነበር። መግቦኝ ሲያበቃ ‹አንተ ተኛ፣ ሽንኩርቶችህን እኔ አጠጣልሃለሁ› ይለኛል።»

«እንዴት ያለ ደግነት ነው» አለች ቄሷ።

«አጠጣቸው እንጂ። ጠዋት ማታ፣ ሆዳቸው እስኪፈነዳ። የተሰነጠቀ ሽንኩርት ደግሞ ለውድድር አይቀርብም። እሱ አንደኛ ወጣና ለሽልማት የቀረበውን ሶፋ ወሰደ።»

የክበቡ ሰው ሳቀ፤ ዊኒ አልሳቀችም። በዚያ ሶፋ ላይ ልጆቿን አሳድጋለች። ኔድም አፉን ከፍቶ ኳስ እያየ የሞተው እዚያው ላይ ነው።

«ታውቅ ነበር?»

«ተነስቼ ጭቃውን ሳየው ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ትኩሳቱ ሲብስብኝ ያጠበኝ እሱ ነው፣ ዊኒ። አንሶላዬን የቀየረው እሱ ነው። ያን ሁሉ እያደረገ ሽንኩርቴን አሰጠመብኝ። ምን ልበለው? እናንተ ቤት በመጣሁ ቁጥር ሶፋዬ ላይ ነኝ እያልኩ እጽናና ነበር።»

ዊኒ ንዴትም ሳቅም አብረው መጡባትና የቱን ማስቀደም እንዳለባት አጣች። ኔድ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ በጥፊ ትለውና ከዚያ ሻይ ታፈላለት ነበር።

«ሌላ ቃል እንፈልግ ይሆን?» አለች ቄሷ በቀስታ። «‹ውድ ባል› ቢባልስ?»

«ለሱ? ዛሬ?»

«እንግዲያው ካኒ ይሁን» አለች ቄሷ። «አሁን ማጽደቅ እችላለሁ። በየትኛውም ትርጉም ቢነበብ ውሸት የለበትም።»

ድንጋዩ በዚያው ቃል ተተከለ። ዊኒ ግን በማግሥቱ ጎረቤቶቿን አሸክማ ሶፋውን ወደ ኩዝበርት ቤት ላከችው። በበሩ አልገባ አለ። ኩዝበርት መንገድ ላይ እንዳለ ተቀመጠበትና ፊቱን አጨማደደ።

«ሞላው አልቋል። የኔ እንዲህ አልነበረም።»

«ያንተማ በውድድሩ ቀን የነበረው ነው» አለችው። «ከዚያ ወዲህ ያለው የኔድ ቂጥ ሥራ ነው።»

መልሳ አልወሰደችውም፤ እሱም አትክልት ቦታው ጎጆ ውስጥ ከተተው። ዊኒ ከተማ ወጣችና በቦታው አዲስ ሶፋ ገዛች፤ ኔድ ዋጋውን ቢሰማ ሁለተኛ ይሞት ነበር።