በጆሮ የገባ ሳል

ተማሪዎቼ «ክሩ» ይሉኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአስከሬን መማሪያ ክፍል ውስጥ ቆሜ «ክሯን እንዳትበጥሱብኝ!» እያልኩ ስለጮህኩ ነው። ክሯ ወደ ጆሮ የምትሄድ ቀጭን ነርቭ ናት። እናቷ፣ ትልቋ ነርቭ፣ ከጭንቅላት ወርዳ ጉሮሮን፣ ልብን፣ ሳንባንና ሆድን ታዳርሳለች። ይቺ ግን ከመንገድ ተገንጥላ፣ አጥንት ሰንጥቃ ጆሮ ትገባለች። «አንዳንድ ሰው ጆሮው ውስጥ ሲነካ የሚያስለው በእሷ የተነሳ ነው፤ አንጎል ጉሮሮ የተነካ ይመስለዋል» እላቸው ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ደረቅ ሳል ያዘኝ። አምስት ወር አልለቀቀኝም። ሁለት ጊዜ ራጅ ተነሳሁ፤ ሳንባዬ ንጹሕ ነው።

ሚስቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ልጄ ሩቅ ነው፤ ይደውልና «ደህና ነህ አባዬ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ በቃ። ከግድግዳዬ ማዶ አንዲት ሴትዮ ይኖራሉ። በራቸው በሌላው ደረጃ በኩል ስለሆነ መልካቸውን አላውቀውም። ግድግዳው ስስ ነው፤ በሳልኩ ቁጥር «እኔን!» ይላሉ። እውነቱን ልናገር፣ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የሰው ቃል እሱ ብቻ ነበር።

ጆሮዬን ሲያሳክከኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የድሮ ተማሪዬ ሆና አገኘኋት። በመብራት አየችና ጆሮዬን ከውስጥ የምትነካካ አንዲት ሽበት በወረንጦ መዝዛ አወጣች።

«መምህር፣ ሳልዎ ይኸው! ክሯን ረሷት እንዴ?»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ሳቅኩ፤ ግን አፈርኩ። የጆሮዬን ፀጉር «አርፈህ ተቀመጥ!» እያለች የምትቆርጥልኝ ሚስቴ ነበረች። ከእሷ ወዲህ ጆሮዬን ያየልኝ ሰው የለም።

ሳሉ በዚያው ቀን ቆመ። ግድግዳውም ዝም አለ።

ሁለት ቀን ቻልኩት። ሄጄ በራቸውን እንዳላንኳኳ ምን ብዬ? «ሳሌ ስለተሻለኝ ከፋኝ» ይባላል? በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ትንሿን ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ የቀዳዳውን የኋላ ጎን ነካ አደረግኩት። ክሯ አላሳፈረችኝም፤ አሳለችኝ።

ጠበቅኩ። ምንም የለም። ደግሜ ነካሁት፤ ደግሜ ሳልኩ።

ከማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«እኔን! እኔን!» አሉ። «ምነው ጠፉ? እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ…»



«አለሁ» አልኳቸው። «አለሁ።»