አስማተኛዋ በር ላይ

ያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲጀምር፣ አስማተኛዋ ሃያ ሦስት ጊዜ ዋሻ ገብታ ሃያ አንድ ጊዜ ሞታ ነበር።

አስማተኛዋ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ሰማያዊ የተቀባች የእንጨት ምስል ናት። የፈጠረቻት አንዲት መነጽር ሠሪ ነች። በሱቋ የጀርባ ክፍል፣ ሌንስ በምትሞርድበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሦስት ዓመት የደከመችበት የጀብዱ ጨዋታ ስድስት ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ባለሰይፍ፣ ቀስተኛ፣ ፈዋሽ፣ ሰላይ፣ አንጥረኛና አስማተኛ። ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን መርጠው ዋሻ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ አውሬዎቹን ይይዛል።

ባለሰይፉ ሠላሳ ነፍስና ጋሻ አለው። አስማተኛዋ አሥር ነፍስ ብቻ፤ ጋሻ የላትም። ጉዞው ሳይጀመር ሦስት ድግምት ትመርጣለች፤ አንዴ የተናገረችው ጉዞው እስኪያልቅ አይመለስላትም። ለመናገርም አንድ ሙሉ ዙር ይፈጅባታል፤ በመሀል ከተመታች ቃሉ አፏ ውስጥ ይሰበራል። ቃሉ ከወጣ ግን፣ ሦስት ባለሰይፍ ውለው የማይጨርሱትን በአንድ እስትንፋስ ትጨርሳለች። መነጽር ሠሪዋ እያንዳንዱን ቁጥር መዝና ነው ያስቀመጠችው። ከስድስቱ የምትኮራውም በዚህችው ነበር።

ጨዋታውን አትሞ ሊሸጥ ያሰበው አታሚ ሳጥኑን ሊለካ የመጣው ያን ቀን ነው። ሽማግሌው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ምስሎቹን ደረደረ።

«ልጄ፣ ሳጥኔ የሚይዘው አምስት ነው። የሳጥኑን ቅርጽ ማውጫ የማስለውጠው ስድስተኛው የሚረባ ከሆነ ብቻ ነው። ይቺ ደግሞ ገና ደጃፍ ላይ ነው አሉ የምትሞተው። ወይ አስወጪያት፣ ወይ ነፍስ ጨምሪላት።»

«ነፍስ ከጨመርኩላት እኮ ጋሼ፣ ቀሚስ የለበሰ ባለሰይፍ ሆነች ማለት ነው።»

«ይጨመርላት እባክሽ፣» አለ ወንድሟ። ጢሙ ደረቱን የነካ፣ ቁመቱ በሩን የሞላ የመኪና መካኒክ ነው፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የሚለው። ሁልጊዜ የሚጫወተው ባለሰይፉን ነበር። «ቀብሯ ላይ መቆም ሰለቸኝ!»

መነጽር ሠሪዋ ፊቷ ቀላ። «እንግዲያው አንተ ያዛት። ሰይፉን ወዲህ በል። ዛሬ ከሞተች ራሴ አስወጣታለሁ፤ ሰሙ፣ ጋሼ?»

«ሰማሁ፣» አለ አታሚው፣ ወንበር እየሳበ።

አውሬዎቹን የምትይዘው እናታቸው ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንደ ተኩላ መሆን ደስ የሚላት ነገር አልነበረም። እጇን አፋተገች። «ልጆቼ ቁርስ አልበሉም፤ ኑ እስቲ።»

ከመጀመሪያው ክፍል በር ደረሱ። ማሙሽ ሰማያዊዋን ምስል ወደ ጎን አደረገና፣ ሳያስበው፣ በመዳፉ መንገድ አሳየ።

«ቅደሚ፣ እትዬ።»

ቀደመች። ሦስት ተኩላዎች ዘለሉባት፤ ሁለቱን ጋሻዋ መለሰ፣ አንዱ አራት ነፍስ ወሰደ። ማሙሽ ከኋላ ማንም ሳይነካው የሚያስተኛውን ቃል ተናገረ። ተኩላዎቹ እንደ ቆሙ አንቀላፉ።

«እንዴ!» አለች እናት። «ልጆቼን ምን አደረጋችኋቸው?»

መነጽር ሠሪዋ አልሳቀችም። ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ። እናታቸው ሁለቱንም ያሳደገቻቸው «በር ላይ ታላቅ ይቅደም» እያለች ነው። ማሙሽ ለእህቱ መንገድ ሳይለቅ የገባበት በር የለም። ታላቂቱ አስማተኛዋን ስትይዝ፣ ሠላሳ ነፍስ ያለው ታናሽ ባለጋሻ እጅ ነስቶ አሥር ነፍስ ያላትን ሲያስቀድም ከርሟል። ደንበኛ መነጽሩ አዞረኝ ሲላት፣ ሌንሱን ከመንካቷ በፊት አፍንጫው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ የምታይ ሴት፣ የገዛ ሥራዋን አንድ ቀን እንዲያ አላየችም ነበር።

«ማሙሽ፣» አለች፣ «ስትገድላት የከረምከው አንተ ነህ። በጨዋነትህ።»

ነገሩ ሲገባው ጢሙን ያዘ። አታሚው ከት ብሎ ሳቀ። «በሉ ቀጥሉ፤ አንድ ክፍል ምስክር አይሆንም።»

ሁለተኛው በር ላይ ማሙሽ ልቡ አብጦ ግድግዳ የሚሰነጥቀውን ድግምት ተናገረ። ድንጋዩ ተፈረካከሰ።

«በሩ እኮ ክፍት ነበር፣» አለች እናቱ በርኅራኄ።

«ክፍት?!»

«ገፋ ብታደርገው ኖሮ።»

«መልሺልኛ፣ እማዬ!»

«አይመለስም፣» አለች መነጽር ሠሪዋ። «የወጣ ቃል ነው።» አንድ ድግምት ቀረው፤ ድንጋይ የሚያደርገው። ከዚያ ወዲያ ማሙሽ አፉን ዘጋ። በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል እህቱ ስትቆስል እያየ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ቃሉን አላወጣም። የመኪና ድምፅ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጠበቀ።

የመጨረሻው ክፍል የዘንዶው ነበር። መነጽር ሠሪዋ በዘጠኝ ነፍስ ገባች፤ በመጀመሪያው ምት አራት ቀራት። አታሚው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ።

«አሁን ልበል?» አለ ማሙሽ።

«ያንተ ናት፤ እኔን አትጠይቀኝ።»

«እላለሁ!»

ቃሉን ጀመረ። ዘንዶው ወደ ሰማያዊዋ ምስል ዞረ፤ መነጽር ሠሪዋ ባለሰይፏን በመሀል አቆመች። እናት የምቱን ኃይል የሚወስነውን ባለቁጥር ጠጠር በመዳፏ አንከባለለችና ጣለች። ሦስት ወጣ። አራት ቢሆን ሁሉም አብቅቶ ነበር። መነጽር ሠሪዋ አንድ ነፍስ ይዛ ቆመች፤ ከኋላዋ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ዘንዶው ከጅራቱ እስከ አፍንጫው ድንጋይ ሆነ።

ማሙሽ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ። «አየሽ? አየሽ እትዬ? የኔ አስማተኛ!»

«ያንተ?» አለች እናት። «ትናንት ቀባሪዋ አልነበርክ?»

አታሚው ሰማያዊዋን ምስል አንስቶ በብርሃን አገላበጣት። «አሁንም ግን አሥር ነፍስ ትንሽ ነው። አሥራ አምስት ብትይው?»

«አንድም አልጨምርም፣ ጋሼ።» ድምፅዋ አልጨከነም፤ አገጯ ግን ቀና ብሏል። «ዛሬ ሁላችሁም እስትንፋሳችሁን የያዛችሁት አሥር ስለሆነ ነው። ድክመቷን ከወሰድኩባት ኃይሏን ማን ይፈራዋል? እንዲህ ሆና ትታተም፤ አለበለዚያ አምስቱንም አልሰጥዎትም።»

ሽማግሌው እናትየዋን አየ። እናት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ «የኔ ልጅ ናት፣ ምን ላድርግህ» የምትል ትመስል ነበር፤ ደስታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

አታሚው ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣ፤ ስድስቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስተኝቶ ለካ፤ ከዚያም አንዱን ባንዱ ላይ አነባብሮ ደግሞ ለካ።

ሳጥኑ ስድስቱንም ይዞ ታተመ። ከፍታው መጀመሪያ ከታቀደው በአራት ሚሊሜትር በለጠ።