የእትዬ ቅንድብ

ታላቅ እህቴ እትዬ የቅንድቧን ንቅሳት ለማስለቀቅ የወሰነችው ጡረታ በወጣች ሰሞን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ደወለችልኝና፣ የልጅ ልጇ ቤተሰቡን ስትስል እሷን በሰማያዊ ቅንድብ እንደሳለቻት ነገረችኝ። እየሳቀች ብታወራም ነገሩ እንደከነከናት ከድምጿ ገባኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት።

ያኔ ስትነቀስም አብረን ነበር የሄድነው። ገና ወጣቶች ነበርን። አንድ ፀጉር ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለች ጠባብ ጓዳ ውስጥ፣ መጀመሪያ እሷ ተነቀሰች፤ ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር። እንባዋ በጆሮዋ ሥር ሲወርድ ሳይ ጫማዬን በእጄ ይዤ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ማታ እራት ላይ አባባ ትክ ብሎ አያት አያትና፣ ምን ሰምተሽ ነው እንዲህ የደነገጥሽው አላት። ቅንድቧ እውነትም ወደ ላይ ተሰቅሎ ነበር። «ድንግጥ» የቤት ስሟ ሆኖ ቀረ። ቀለሙ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ከዓመት ዓመት ወደ ሰማያዊ ሄደ፤ እሷም ተላመደችው፣ እኛም ተላመድነው።

ንቅሳት የምታስለቅቀው ባለሙያ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን መነጽራም ሴት ናት። እትዬን አስተኝታ፣ መብራቱን አስጠግታ ቆዳዋን በጣቷ ዳበሰች። እትዬ በምትኩ አዲስ ቅንድብ እንዲሠራላት ስትጠይቃት፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ቀለም ቢደረብ ጭቃ እንደሚመስል፣ መጀመሪያ አሮጌው በሌዘር መልቀቅ እንዳለበት፣ ቆዳው እስኪያገግም ደግሞ በየመሃሉ ማረፍ እንደሚያስፈልግ አስረዳችን። ሌዘሩ ሲጀምር የተቃጠለ ፀጉር ሸተተን። እትዬ እጄን ጨምቃ ያዘችኝና፣

«ዛሬም ልትሮጪ ነው?» አለችኝ።

ወራት ተመላለስን። ሰማያዊው ግራጫ ሆነ፣ ግራጫውም ሳሳ። አዲሱ ቅንድብ በሚሠራበት ቀን ባለሙያዋ የእትዬን ፊት ጠርጋ መስታወት ሰጠቻት። እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው፣ ነፍሷን ይማርና፣ እናታችን እማማ ነበረች። ልብስ ስታጥብ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ቀና ስትል የነበራት ፊት፤ ያ ከጫፉ ጭራሽ የሌለ ስስ ቅንድብ።

«እማማ» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

«አዎ፣ እሷው ናት» አልኳት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሸፍኛት ነው የኖርኩት?»

ባለሙያዋ እርሳሷን እንደያዘች፣ ከየት ልጀምር ብላ ጠየቀች። እትዬ ይቅር አለች። ወዲያው ደግሞ ሐሳቧን ለወጠችና፣ ጫፉን ትንሽ ሙይልኝ፣ ግን እንዳትነኪው አለቻት። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እዚያው ከነበረው ፀጉር የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮች ጣል ጣል አደረገችላትና ተወችው።

ወደ አውቶቡስ ስንሄድ እትዬ በየሱቁ መስኮት ፊት እየቆመች መልኳን ታያለች። እኔም አልቸኮልኩም። ከእማማ ጋር ገበያ ከወጣን ብዙ ዘመን ሆኖን ነበር።