የሷሊሕ አድራሻ

ደግሞስ ስምን ለማስጠፋት ስም ይሰጣል እንዴ፣ እስቲ እናንተ ብትሆኑ ትሰጡ ነበር፣ ሙሉ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀድሞ የተጠራችሁበት ሌላ ስም ካለ እሱንም፣ የትውልድ ቀን፣ የኖራችሁባቸው ቤቶች ሁሉ ከነቁጥራቸው፣ ይህን ሁሉ ለማታውቁት ሰው ዘርግፋችሁ ስታበቁ በል እንግዲህ ደብቀኝ ትሉት ነበር? ዐዚዛ ግራ ገብቷታል። መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች፣ መልሳ ታደርጋለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያው ነው፣ ባዶ ሳጥን፣ ከሥሩ ሌላ ባዶ ሳጥን፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል፣ ውጭ የነሐሴ ዝናብ የጎንደር ፒያሳን ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ እዚህ ውስጥ፣ የብርቱካን ኢንተርኔት ቤት፣ እርጥብ ካልሲ ይሸታል።

ሦስት ናቸው። ሦስቱም አሜሪካ ያሉ ድርጅቶች ናቸው፣ ሰው ፈላጊ በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ አድራሻዎ ተለጥፎ ከሆነ እኛ እናስነሳልዎታለን ይላሉ፣ ስማቸውን መያዝ ስላቃታት በምልክታቸው ትጠራቸዋለች፣ ባለ ጋሻው፣ ባለ መጥረጊያው፣ ባለ ጉጉቱ። ባለ ጋሻው በየዓመቱ ያስከፍላል፣ ይሁን፣ ግን ከታች በደቃቅ ፊደል የተሰረዘው መረጃ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል ብሎ ጽፏል፣ ታዲያ ምኑን ሰረዝከው፣ ሰርዶ ነው እንዴ በየክረምቱ የሚታረም። ባለ መጥረጊያው በነፃ ነው፣ የመታወቂያዎን ፎቶ ይላኩልኝ ይላል፣ ፊቷን ሊያይ፣ ፊቷ እስከ ዛሬ ያልተሸጠ አንድ ነገር ነበር እሱንም ሊወስድ። ባለ ጉጉቱ ጨዋ ነው፣ ብዙም አይጠይቅም፣ ደስ ብሏት ነበር፣ ኋላ ግን አንድ ሰው የጻፈውን ብታነብ ባለቤቱ ከሻጮቹ አንዱ ነው፣ በቀኝ እጁ እየሸጠ በግራው ሊያጠፋ፣ በግ ለቀበሮ አደራ። የትኛው ይሻላል። ሦስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ጭራሽ የትኛው የቱ እንደነበር ተምታታባት።

ማንበብ አላነሳትም እኮ። ኮሎምበስ ኦሃዮ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥፍ ኖራ፣ ከሥራ ስትወጣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብታ የታሪኩን መደርደሪያ ጨርሳ የሕጉን ጀምራ፣ ነገሥታት እንዴት እንደወደቁ የምታውቅ ሴት፣ ይቺን አንዲት ገጽ ማለፍ አቅቷት ተቀምጣለች። ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ ይላታል ደግሞ፣ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ይምረጡ። አንዱ ሥዕል ላይ የመብራቱ ምሰሶ ብቻ አለ፣ ምሰሶ መብራት ነው አይደለም፣ መረጠችው፣ ተሳስተዋል አላት። እሺ፣ ሮቦት ነኝ።

እትዬ፣ አለች ብርቱካን ከጠረጴዛዋ ወዲያ፣ የሱቁ ባለቤት ናት፣ ሹራብ እየሠራች ሰው ሁሉ የከፈተውን አንገቷን አስግጋ የምታይ፣ ምነው አንድ ገጽ ላይ ቀሩ፣ ልርዳዎት፣ ስሜን የሚያጠፋልኝ እየፈለግኩ ነው አለቻት ዐዚዛ፣ ሳታስበው ወጣባት፣ ብርቱካን ሳቀች፣ ኧረ እትዬ ለዚህማ ምን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ እኛ ሰፈር ይምጡ በነፃ ያጠፉልዎታል፣ ቡና እንኳ ሳያስፈሉ። ሳቀች ዐዚዛም። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ። ለመሆኑ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት፣ መልክዎ የኛ አገር ነው፣ አለች ብርቱካን ወዲያው፣ መርፌዋን ሳታቆም፣ ይኸው፣ መጣ፣ ይቺ ደግሞ አራተኛዋ ድርጅት፣ የአባት ስም፣ የኖሩበት ቤት፣ ምልክቷ ሹራብ። የመንገደኛ ልጅ ነኝ አለቻት፣ ከሱዳን በኩል። እዚሁ ከተማ አዲስ ዓለም ሰፈር የተወለደችው፣ አባቷ ሸማ ነጋዴው አወል ይኖሩበት የነበረው ቤት ከዚህ ወንበር በእግር ቅርብ የሆነው ሴት። ጎንደር ከገባች ወር ሊሆናት ነው፣ አንድም ቀን በዚያ በኩል አላለፈችም፣ ወንድሟ ዛሬም በዚያ ሰፈር ነው፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ክፍል ተከራይታ ዙሪያውን ትዞራለች።

ስልኩ። ቦርሳዋ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ቫይበር፣ ሪሃና ናት ደግሞ። አታነሳም።

የመጀመሪያውን ጊዜ አንስታ ነበር፣ ማን እንደሆነች ሳታውቅ። አክስቴ ዐዚዛ፣ ሪሃና ነኝ፣ የወንድምዎ የጃቢር ልጅ፣ አያውቁኝም፣ እኔ ስወለድ እርስዎ ሄደዋል፣ ስምዎን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት ወጣ፣ ስልክዎ፣ ቤትዎ፣ ወላሂ እንዲህ ይቀላል አላልኩም፣ አባባ ዘንድሮ ሐጅ ሊሄድ ነው፣ ስሙ ወጥቶለታል፣ ጎረቤቱንም ዘመዱንም እየዞረ አፉ በሉኝ ብሎ ጨርሷል፣ ሁሉም አፉ ብለውታል፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ፊት እንዴት ይቁም፣ አንድ ቃል ነው እኮ አክስቴ፣ በስልክም ይሆናል ብለዋል ሼኾቹ። በስልክም ይሆናል። ጥሩ ልጅ ትመስላለች፣ ድምጿ የእናቷ ነው። ስልኩን ዘጋችባት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ሳይታክታት፣ ያ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩ እስካለ ድረስ። ቁጥር ቢቀየርስ፣ አዲሱንም ይለጥፉታል፣ ከዚህ ቀደም ስትቀይር ተለጥፎ ያየችው ነው። ከሥሩ ማጥፋት ነው እንጂ። ለዚህ ነው እዚህ የተቀመጠችው፣ አዎ፣ ለዚህ ነው፣ አትርሺ፣ ወንድምሽ እንዳያገኝሽ።

ኮሶዬ ይበርዳል። ለምን ኮሶዬ ትዝ አላት አሁን፣ ባለ ጋሻው ላይ አተኩሪ። ይበርዳል ኮሶዬ፣ ጋቢ ያስፈልገዋል አለችው ወንድሟን፣ አያ ጃቢር፣ አንተ በየሳምንቱ ለአምባ ጊዮርጊስ ገበያ በዚያ ታልፋለህ፣ ማንም አይጠረጥርህም፣ እኔን ይከታተሉኛል፣ አድርስልኝ። ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ባሏ ሷሊሕ አስተማሪ ነበር፣ ቀበሌዎቹ ይፈልጉታል፣ ፋንታሁን የሚባል የኮሶዬ ገበሬ፣ የአባቱ የበግ ደንበኛ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ከጓሮ ባለች ጎጆ ደብቆታል፣ ይህን የሚያውቁ ፋንታሁንና እሷ ነበሩ። ከዚያ ጃቢር። ጋቢውን አደረሰ። ሸጋ ነው፣ ወፍሯል እንኳ ብሏት ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌ ጠባቂዎች መኪና ኮሶዬ ቆመች፣ ኋላ ፋንታሁን ከእስር ሲፈታ ነገራት፣ እመቤቴን፣ ማንንም አልጠየቁ፣ ውሻው እንኳ ሳይጮህ፣ እንደ ቤተኛ ቀጥ ብለው ጓሮ ነው የገቡ። አስከሬን አልሰጧትም። ማልቀስም ክልክል ነበር። ገረፉኝ ዐዚዛ፣ አላት ጃቢር፣ ገረፉኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ አላስቻለኝም። አላየችም ቁስሉን። በማግስቱ በመተማ ወጣች።

ባለ ጋሻው። አዎ። ባለ ጋሻው ይሁን፣ ቢያስከፍልም፣ ከሦስቱ እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ መልሶ እንደሚበቅል አልዋሸም። ስሟን ጻፈች፣ አወልን ጻፈች፣ አሮጌዎቹን ቤቶች ጻፈች፣ ያስገቡ የሚለውን ነካች፣ ክቧ ነገር ትዞራለች፣ ኔትወርክ ሄደ እንዴ፣ ይመጣል እትዬ፣ ዝናብ ሲሆን ነው፣ አለች ብርቱካን፣ መጣ።

የእርስዎ መረጃ ተገኝቷል። ዐዚዛ አወል፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ። ከሥሩ፣ አብረው የሚኖሩ፣ ሷሊሕ ኑርሁሴን፣ ዕድሜ 67።

እንደገና አነበበች። ዕድሜ ስድሳ ሰባት።

ሷሊሕ ኮሶዬ ሲወሰድ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ከየት አመጡት። ካርቱም፣ የስደተኞች ቢሮ፣ ጠረጴዛ፣ ላብ፣ አግብተዋል ወይ፣ አዎ፣ ባለቤትዎ በሕይወት አሉ ወይ፣ አዎ አለች፣ ምን ትበል፣ ሬሳ ያሳያት የለ፣ ሞቷል ብሎ የፈረመላት የለ። ያ አዎ ነው የተሻገረው፣ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው፣ ከመንግሥት ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደነዚህ ነጋዴዎች፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይቀብር፣ በየዓመቱ አንድ ዓመት እየጨመሩለት። ሸብቷል ማለት ነው። መነጽር ያደርግ ነበር፣ አባቱም ያደርጉ ነበር። ጉልበቱን ያመዋል፣ የኮሶዬ ብርድ። የኪራይ ቤቷ ቁጥር፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሱም ቤት። ጎንደር የመጣችው ያን ጊዜ የተገደሉት ሰዎች አጥንት ተሰብስቦ ባንድ ላይ ተቀበረ የሚል ወሬ ሰምታ ነው፣ ሄደች፣ አየች፣ ሣር፣ አጥር፣ አጥንት ስም የለው፣ የሙስሊሙን ከክርስቲያኑ፣ የሱን ከሰው የሚለይ የለ፣ ዱዓ አድርጋ ወዴት ዞራ እንዳደረገች ሳታውቅ ተመለሰች። አጥንቱ ስም አጣ፣ እዚህ ደግሞ ስሙ አጥንት የለው። ያረቢ፣ የቱ ነው መቃብሩ።

ከመዝገብዎ ጋር የተያያዙት ግለሰብ አብረው ይሰረዛሉ፣ ይላል ባለ ጋሻው፣ ይቀጥሉ።

እሱን ልተወው፣ ከስሙ ፊት ያለውን ምልክት አነሳችው፣ አይሆንም፣ የጋራ አድራሻና ስልክ ስላለ አንደኛው ከቀረ ሁለታችሁም ትገኛላችሁ ይላል። ሁለታችሁም። ወይ ሁለታቸውም ይጠፋሉ ወይ ሁለታቸውም ይኖራሉ። ብትነካው ጃቢር አያገኛትም፣ ሷሊሕም በዚህ ምድር ላይ የትም አይገኝም፣ አንድ ጊዜ ወንድሟ አሳልፎ ሰጠው፣ ሁለተኛውን እሷ ልትሰጥ ነው፣ በዓመት ክፍያ። ባትነካውስ፣ ያ ስልክ ይጮሃል። ማንን ትፈራለች፣ ለማን ትፈራለች። ምን ፈልጋ ነበር የመጣች። ገጹ አንብባ የማታውቀው ቋንቋ ይመስላታል።

ኧረ፣ አለች ብርቱካን ከጀርባዋ፣ መቼ እንደተነሳች አልሰማቻትም፣ ሹራቡን ይዛ ቆማለች፣ ባለቤትዎ ናቸው እትዬ፣ አሉ እንዴ፣ እኔ ባሏ የሞተባት ነበር ያልኩዎት በልቤ፣ እሰይ፣ ስድሳ ሰባት ምን አላት፣ ገና ጎልማሳ ናቸው።

አለ፣ አለች ዐዚዛ።

ከአፏ ወጣ። አለ። እና ደገመችው፣ ድምፁን ለመስማት፣ አለ፣ ደህና ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ። አይ ጉልበትማ ተልባ ነው መድኃኒቱ፣ አለች ብርቱካን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይስጧቸው። እሺ አለቻት። ገጹን ዘጋችው። ይቀጥሉ የሚለውን ሳትነካ ዘጋችው።

ስልኩ። ሪሃና። ይጮሃል፣ ይጩህ፣ ታነሳዋለች፣ ለምን እንደምታነሳው አታውቅም፣ አነሳችው። ሪሃና አይደለችም። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ የላላ፣ ጥርስ የጎደለው፣ ግን ያው ነው። ዐዚዛ። እኔ ነኝ። ይዘንባል እንዴ አገርሽ፣ ቆርቆሮ ላይ ይሰማኛል፣ እዚህም ይዘንባል። አዎ ይዘንባል፣ አንድ ዝናብ ነው አያ ጃቢር፣ አላለችውም ይህን። አንድ ነገር ልንገርሽና ከዚያ የፈለግሽውን በይ፣ አለ፣ ገረፉኝ ያልኩሽ፣ አልገረፉኝም ዐዚዛ። እጃቸውን አላነሱብኝም። የት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው።

እስከዛሬ ያን ግርፋት በሐሳቧ ስትገርፈው ኖራለች፣ ጀርባውን ስታቆስል፣ አንዳንዴም ስታዝንለት፣ አዎ፣ ስታዝንለት፣ ከልብሷ ሥር እንደ ሌባ ደብቃ። እሱም አልነበረም። ባዶ ነበር። የት ነው፣ እዚያ ነው፣ አለቀ።

አንድ ቃል ብቻ፣ ይላል ጃቢር፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ፣ ሰማንያ ሞልቶኛል፣ ላልመለስ እችላለሁ፣ ስለ ነቢ ስትይ፣ ከወዲያ ሪሃና ታለቅሳለች፣ ብርቱካን መርፌዋን አቁማለች፣ ቤቱ ሁሉ የሚሰማ መሰላት፣ ይስሙ።

ሂድ፣ አለችው፣ አልከለክልህም፣ ካዕባን ዙር፣ ዘምዘሙን ጠጣ፣ ግን ከኔ ይዘህ የምትሄደው ነገር የለም። አፉ አልልህም። አንተን አልልም፣ ኮሶዬ ድረስ የነዱትን አልልም፣ ደጃቸውን ዘግተው የሰሙትን ጎረቤቶች አልልም፣ ወፍሯል ስትለኝ ያመንኩህን እኔንም አልልም። ዛሬም አልልም፣ ስትመለስም አልልም፣ ብትሞትም አልልም። ለማንም።